ቤታችሁን ዘግታችሁ ለጉዞ ከመነሣታችሁ በፊት

(ለአዲስ አንባቢዎች በሬዲዮ የተሰጠ ትምህርት)

  

እንደተለመደው ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን ይዛችሁ ቀረብ በሉ። ይህ ጽሑፍ በእጃችሁ የገባ ከሆነም መስመሩን በጣታችሁ እየተከተላችሁ ከእኛ ጋር አንብቡ። የከበደ ቃል ቢያጋጥማችሁ አትደንግጡ። ቆም በሉ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቅማችሁ አንብቡት፣ ከዚያ ወደፊት ቀጥሉ።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቤት ጥበቃ ነው። ሰው ሁሉ ቤቱን ትቶ የሚሄድበት ጊዜ አለው። ለመስቀል ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ አገር የሚሄደው ሰው ብዛት ይታወቃል። ለአረፋም ቤተሰቡን ይዞ ወደ ትውልድ ቀዬው የሚጓዘው ብዙ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል፣ መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም የሚጓዘውም እንዲሁ። ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ጠበል አለ፣ የልጆች የክረምት ዕረፍት አለ። ታዲያ እኛ ስንሄድ ቤቱ ብቻውን ይቀራል።

መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት የሚያስበው ስለ ስንቁ፣ ስለ ልብሱና ስለ መኪናው መሳፈሪያ ነው። ስለ ቤቱስ? ስለ ቤቱ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። “በሩን ቆልፌዋለሁ ወይ?” ይላል። ከቆለፈው ልቡ ያርፋል።

ነገር ግን ቁልፍ የሚከለክለው ከውጭ የሚመጣውን ነው። ከውስጥ ያለውን አይከለክልም። እሳት ከውስጥ ነው። ውኃ ከውስጥ ነው። የመብራት ኃይል ከውስጥ ነው። ሌባ ቢገባ የሚወስደው የሚሸከመውን ያህል ነው። እሳት ግን ቤቱን ከነዕቃው ይወስደዋል። እዚያም አያቆምም። በከተማ ብዙው ቤት ግድግዳው የተያያዘ ነው። ጣሪያው ተያይዟል፣ ኮርኒሱ ጨርቅ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ከአንዱ ቤት የተነሣ እሳት በጣሪያው ሥር ሾልኮ ወደሚቀጥለው ይገባል። የእናንተ እሳት የጎረቤታችሁም እሳት ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር በደንብ እንድትይዙልን እንፈልጋለን። እርሱም ይህ ነው፦

የጠፋ የሚመስል ነገር ሁሉ አልጠፋም።

ይህን ዐረፍተ ነገር በደብተራችሁ ጻፉት። አሁን ምን ማለት እንደሆነ አንድ በአንድ እንመልከት።

1. የተዳፈነ ፍም

እናቶቻችን ማታ እሳት ሲዳፍኑ አይታችኋል። ፍሙን ሰብስበው አመድ ያለብሱታል። ጠዋት አመዱን ገለጥ ሲያደርጉት ፍሙ እንደ ቀላ ይገኛል። እፍ ሲሉት ይቀጣጠላል። ክብሪት ሳይፈጁ እሳት ያነዳሉ። ይህ የቆየ ጥበብ ነው።

እስቲ አሁን ነገሩን ገልብጠን እናስበው። አመድ የለበሰ ፍም ሌሊቱን ሙሉ የሚያድር ከሆነ፣ እናንተ መንገድ ስትጀምሩም በሕይወት አለ ማለት ነው። ከላይ ሲያዩት ግራጫ አመድ ነው። ጭስ የለውም፣ ብርሃን የለውም። “ጠፍቷል” ብላችሁ ትሄዳላችሁ። በኋላ ነፋስ በበሩ ሥር ይገባል፤ ወይም ድመት ምድጃውን ትረግጣለች፤ ወይም ከመደብ ላይ ጨርቅ ይወድቅበታል። ያኔ እሳቱ ይነሣል። ቤት ውስጥ ግን የሚያጠፋው ሰው የለም።

ምን እናድርግ? የሚከተለውን አድርጉ።

አንደኛ፣ የመጨረሻውን እሳት በጉዞው ዋዜማ ምሽት ጨርሱ። ብዙ ጊዜ መንገደኛ የሚነሣው ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ነው። ጨለማ ነው፣ ጥድፊያ ነው፣ ልጅ ያለቅሳል። በዚያ ሰዓት እሳት አንድዶ ቡና ማፍላት ለስሕተት ይዳርጋል። ቡናውን ወይም ሻዩን ማታ አፍልታችሁ በፔርሙዝ አሳድሩት።

ሁለተኛ፣ ፍሙን አትዳፍኑ፤ አጥፉ። ወደ ደጅ አውጡትና ቀስ እያደረጋችሁ ውኃ አፍስሱበት። ውኃውን በአንድ ጊዜ አትድፉት፣ እንፋሎቱ ፊትና እጅ ያቃጥላል። በእንጨት አማስሉት፤ ደግማችሁ ውኃ አፍስሱ። “ጭስ” የሚለው ድምፅ እስኪቀር ድረስ ቀጥሉ። በመጨረሻም የእጃችሁን ጀርባ ከላይ አስጠጉት። ትንሽ እንኳ ሙቀት ከተሰማችሁ እሳቱ አልሞተም።

ከሰሉን ለሌላ ጊዜ ማትረፍ የሚፈልግ ሰው ሌላ መንገድ አለው። ፍሙን በቆርቆሮ ጣሳ ወይም በሸክላ ድስት ውስጥ አድርጎ በደንብ የሚገጥም ክዳን ይክደንበት። እሳት አየር ካላገኘ ይሞታል። ጣሳው ግን ስለሚግል በባዶ መሬት ላይ፣ ደጅ ይቀመጥ። ሣጥን ወይም ምንጣፍ ላይ አይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ትኩስ አመድ ከወረቀትና ከላስቲክ ቆሻሻ ጋር አትቀላቅሉ።

አራተኛ፣ ጧፍ፣ ሻማ፣ ኩራዝና የዕጣን ማጨሻ አትርሱ። አንዳንድ ሰው ለመንገዱ ጸሎት አድርሶ ጧፉን እንደበራ ትቶ ይወጣል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ጧፍ ነዶ ነዶ ሲያልቅ ይወድቃል፤ ሲወድቅም መጋረጃ ወይም ስፌት ላይ ያርፋል። ጸሎታችሁን አድርሱ፣ ጧፉን አጥፉ፣ ከዚያ ውጡ።

አምስተኛ፣ ቡታጋዝ ያላችሁ ሰዎች የምድጃውን ቁልፍ መዝጋት ብቻ አይበቃችሁም። ከሲሊንደሩ አናት ላይ ያለውን መዝጊያ ዝጉ። ጎማው ቢሰነጠቅ ወይም አይጥ ብትበላው ጋዝ የሚወጣው በዚያ ነው።

2. የጠፋ መብራት

አሁን ወደ ሁለተኛው እንሂድ። ይህኛው ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ሰውን ያታልላል። ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንናገራለን።

ለምሳሌ አንዲት እናት እንውሰድ። ነገ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አገር ቤት ይሄዳሉ። ለስንቅ የሚሆን እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ እየጋገሩ ነው። አምስት ያህል እንጀራ እንዳወጡ መብራት ድርግም አለ። ምን ያደርጋሉ? ትንሽ ይጠብቃሉ። አልመጣም። “የቀረውን ሊጥ ለጎረቤት እሰጣለሁ” ይላሉ። ምጣዱ ሲበርድ ሰፌዱን ከላዩ ላይ ያስቀምጣሉ። ማሰሻውንም ጣል ያደርጉበታል። ጠዋት በጨለማ ተነሥተው በሩን ቆልፈው ይሄዳሉ።

የምጣዱን ማጥፊያ አጥፍተውታል? አላጠፉትም። ለምን ያጥፉት? መብራቱ ራሱ ጠፍቷል እኮ!

ከዚያ ረፋዱ ላይ መብራት ይመጣል። እኒያ እናት መንገድ ላይ ናቸው። ምጣዱ መጋል ይጀምራል። ሰፌዱ የተሠራው ከስንደዶና ከአለላ ነው፤ እንደ ጭድ ይነዳል። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን እናንተው ታውቁታላችሁ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ጉልበቱ ትልቅ ነው። ከ3000 ዋት በላይ ይጠቀማል። ባለ60 ዋት አምፖል 50 ያህል በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። ሙቀቱም ከ200 ዲግሪ ይበልጣል። ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪና ከዚያ በታች መሆኑን ስታስቡ፣ ይህ ምን ያህል እሳት እንደሆነ ይገባችኋል። እንዲህ ያለ ነገር ሰው በሌለበት ቤት ቀኑን ሙሉ ሊግል አይገባም።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ መብራት በጠፋ ቁጥር ማጥፊያውን እናንተ አጥፉ። የምጣዱን፣ የካውያውን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃውን። መብራት ሲጠፋ የተቋረጠው የሚመጣው ኃይል ነው። ማጥፊያው ግን በርቶ እንደቆየ ነው። ኃይሉ ሲመለስ ማንንም ሳይጠይቅ ሥራውን ይቀጥላል።

ብዙ ማጥፊያዎች ላይ ሁለት ምልክቶች አሉ። አንዱ ክብ ነው፤ ሌላው ቀጥ ያለ አጭር መስመር ነው። ክቡ “ጠፍቷል” ማለት ነው። መስመሩ “በርቷል” ማለት ነው። ይህን ማንበብ መቻል ፊደል እንደ ማንበብ ነው። ማታ ወደ ምጣዳችሁ ሄዳችሁ ምልክቱን ፈልጉ።

ለጉዞ ስትነሡ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን፣ ሬዲዮውን፣ ካውያውን፣ የስልክ መሙያውን ሁሉ ከሶኬት ንቀሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ አንዳንዴ ከልኩ በላይ ሆኖ ይመጣል። የአገራችን የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። ከዚያ ብዙ አልፎ ሲመጣ ዕቃ ያቃጥላል። ያልተሰካ ዕቃ ግን ምንም አይሆንም።

ቀጥሎ በቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋናውን ማጥፊያ ዝቅ አድርጉት። እጃችሁ ደረቅ ይሁን፣ እግራችሁ ጫማ ያድርግ። ሽቦው የተላጠ ወይም ሣጥኑ ውኃ የነካው ከሆነ አትንኩት፤ ባለሙያ ጥሩ። ቆጣሪውን ከሌላ ሰው ጋር የምትጋሩ ከሆነም ዋናውን አትዝጉ። የጎረቤታችሁን መብራት ታጠፋላችሁና ከሶኬት መንቀሉ ይበቃችኋል።

“ማቀዝቀዣስ?” ትሉ ይሆናል። ከሦስት ቀን በላይ የምትቆዩ ከሆነ ሥጋውንና ወተቱን አስቀድማችሁ ጨርሱ ወይም ለሰው ስጡ። ማቀዝቀዣውን ንቀሉ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት። ከተዘጋ ይሻግታል።

3. የተቋረጠ ውኃ

ሦስተኛው ነገር የመብራቱ ወንድም ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ በደንብ ታውቁታላችሁ።

ጠዋት ፊታችሁን ልትታጠቡ ቧንቧውን ትከፍታላችሁ። ውኃ የለም። “ኤጭ” ብላችሁ ከጀሪካኑ ትቀዳላችሁ። ቧንቧውን ግን አልዘጋችሁትም። ከፍታችሁት ነበር እኮ! ውኃ ስላልወጣ የተዘጋ መሰላችሁ። ማታ ወይም በማግሥቱ ውኃው ይመጣል። እናንተ የላችሁም።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ከቧንቧው በደቂቃ 5 ሊትር ውኃ ይወርዳል እንበል። በአንድ ሰዓት 300 ሊትር ይሆናል። በአንድ ቀንና ሌሊት ደግሞ 7200 ሊትር ይሆናል። በባለ20 ሊትር ጀሪካን ብትቆጥሩት 360 ጀሪካን ነው። ይህ ሁሉ ውኃ ወዴት ይሄዳል? ገንዘቡን እናንተ ትከፍላላችሁ። የጭቃ ግድግዳው ደግሞ ከሥሩ ይረሳል። ጭቃ ቤት ከላይ ዝናብ ቢመታው ይችላል፤ ከሥር ውኃ ከተኛበት ግን ይናዳል።

ስለዚህ ቧንቧውን ሁሉ በእጃችሁ አጥብቃችሁ ዝጉ። “ተዘግቷል መሰለኝ” አትበሉ። ከዚያም ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋናውን መዝጊያ ዝጉ። የጋራ ቧንቧ ከሆነ ለግቢው ሰው ንገሩ።

በመስከረም የምትጓዙ ሰዎች ደግሞ ጣሪያችሁንም እዩ። በዚያ ወር ዝናብ ገና አልወጣም። የሚያፈስ ቦታ ካለ ከሥሩ ያለውን ዕቃ አንሡ። የእህል ከረጢቱን ከመሬትና ከግድግዳ አርቃችሁ በእንጨት ላይ አስቀምጡ፤ እርጥበትም ነቀዝም ይቀንሳል።

4. ሌባ የሚያነባቸው ምልክቶች

እናንተ አሁን ማንበብ ተምራችኋል። ሌባም ያነባል። እርሱ የሚያነበው ግን ፊደል አይደለም፤ ቤታችሁን ነው።

በውጭ በር ላይ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር ያያል። “ከውጭ ከተቆለፈ ከውስጥ ሰው የለም” ብሎ ያነባል። በገመድ ላይ ለሦስት ቀን የተሰጣ ልብስ ያያል። በቀን የሚበራ የበረንዳ አምፖል ያያል። በራፍ ላይ ያልተጠረገ ቅጠል ያያል። እነዚህ ሁሉ ለእርሱ እንደ ደብዳቤ ናቸው።

አንዳንድ ሰው “መብራት ከበራ ሌባ ሰው አለ ብሎ ይፈራል” በማለት አምፖሉን አብርቶ ይሄዳል። ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ የሚበራ አምፖል ግን የሚናገረው ተቃራኒውን ነው። ማታ የሚበራ፣ ጠዋት የሚጠፋ አምፖል ነው ሰው መኖሩን የሚያሳየው። ይህን ለማድረግ ደግሞ ሰው ያስፈልጋል።

ጓጉንቸሩ ትልቅ መሆኑ ብቻ አያኩራችሁ። ሌባ ብዙ ጊዜ ከጓጉንቸሩ ጋር አይታገልም። የሚነቅለው ጓጉንቸሩ የተንጠለጠለበትን ብረት ነው። ያ ብረት በበሰበሰ እንጨት ላይ በሚስማር ብቻ ተመትቶ ከሆነ በአንድ ዶማ ይነሣል። እንጨቱን አስለውጡ፤ ብረቱን በብሎን አሳስሩ። ማጠፊያውንም አትርሱ። መስኮቱን ከውስጥ ቀርቅሩ።

ቁልፉን ከድንጋይ ሥር፣ ከበሩ አናት ወይም ከአበባው ማሰሮ ውስጥ አትደብቁ። እናንተ ያሰባችሁትን ቦታ ሌላውም ያስበዋል።

አንደበታችሁንም ቆልፉ። በጠላ ቤት፣ በታክሲ ውስጥ፣ በገበያ “ነገ ቤተሰቡ ሁሉ ነቅሎ ይሄዳል” አትበሉ። በአሁኑ ጊዜ ደግሞ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ለዓለም ሁሉ መበተን ተለምዷል። ልጆቻችሁን ምከሩ። ፎቶው ከተመለሳችሁ በኋላ ቢለጠፍ ምን ይጎድልበታል?

ገንዘብና ወርቅ በባዶ ቤት አታስቀምጡ። ከፍራሽ ሥርና ከእህል ውስጥ መጀመሪያ የሚፈተሹት ቦታዎች ናቸው። ገንዘቡ ባንክ ይግባ። የቤት ካርታ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የባንክ ደብተር በአንድ ቦርሳ ይሁኑ። ቅጂያቸውን አስነሥታችሁ በሌላ ቤት ለምታምኑት ዘመድ ስጡ። ወረቀት ሌባ ላይፈልገው ይችላል፤ እሳት ግን አይመርጥም። የተቃጠለ የቤት ካርታ ለማስመለስ ስንት ጊዜ ቢሮ እንደሚያመላልስ የደረሰበት ያውቀዋል።

5. ከቁልፍ የሚበልጥ ጠባቂ

እስካሁን የተናገርነውን ሁሉ ብታደርጉም አንድ ነገር ይጎድላል። አባቶቻችን “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት” ብለዋል። ቤታችሁ ጭስ ቢሸት መጀመሪያ የሚያሸተው ማነው? ጎረቤታችሁ ነው። በሌሊት ኮቴ ቢሰማ የሚሰማው ማነው? እርሱ ነው።

ግን “ቤቱን እያያችሁ” ብሎ ለሁሉም በደፈናው መናገር አይበቃም። ለሁሉም የተሰጠ አደራ የማንም አይሆንም። አንዱ ሌላው ያያል ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ምረጡ። ስሙን ጠርታችሁ፣ ፊት ለፊት ቆማችሁ፣ “አደራ” በሉት። አደራ በአገራችን ከባድ ቃል ነው። “አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ” ይባል የለ?

ለዚህ ሰው ቁልፍ ስጡት። አንዳንዶች ቁልፍ ለመስጠት ይፈራሉ። ነገር ግን እሳት ቢነሣ በሩ እስኪሰበር የሚጠፋው ጊዜ ብዙ ነው። የውኃውንና የመብራቱን መዝጊያ በእጃችሁ እየነካችሁ አሳዩት። ከዚያም በወረቀት ጻፉለት። መጻፍን የተማራችሁት ለዚህ ጊዜ አይደል? ወረቀቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

መስከረም 12 ቀን

ይድረስ ለጎረቤታችን፣

ከመስከረም 13 እስከ መስከረም 22 ቀን በቤታችን አንኖርም። የቤቱን ቁልፍ ለእርስዎ ሰጥተናል። መብራቱ ከዋናው ማጥፊያ ጠፍቷል። የውኃው መዝጊያ ከበሩ በስተግራ ነው። እባክዎ ለውሻው ጠዋትና ማታ ምግብና ውኃ ይስጡልን። ችግር ቢኖር በዚህ ስልክ ይደውሉልን።

ከዚህ በታች የስልክ ቁጥራችሁን በጉልህ ጻፉ። ከእርሱም ቀጥሎ የአደጋ ስልክ ጻፉ። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው፤ የፖሊስ ደግሞ 991 ነው። በሌላ ከተማ የምትኖሩ የአካባቢያችሁን ቁጥር ከቀበሌያችሁ ጠይቃችሁ ያዙ። ይህን ወረቀት ለሰውየው በእጁ ስጡት። በሩ ላይ ግን አትለጥፉት! ያ ለሌባ ደብዳቤ መጻፍ ይሆናል።

ስለ ውሻው አንድ ነገር እንጨምር። ውሻውን በሰንሰለት አስራችሁ፣ ጥቂት ፍርፋሪ ጥላችሁለት አትሂዱ። የተራበ ውሻ ለሁለት ቀን ይጮኻል፤ በሦስተኛው ቀን አቅም ያጣል። እሳት ቢነሣም ማምለጥ አይችልም።

ከቤተሰቡ የሚቀር ሰው ካለ ደግሞ የበለጠ አስቡ። አንዳንድ ጊዜ አያት መንገድ ስለማይችሉ፣ ወይም የቤት ሠራተኛዋ ቤት እንድትጠብቅ ተብሎ ይቀራሉ። በፍጹም ከውጭ ቆልፋችሁባቸው አትሂዱ። እሳት ቢነሣ በየት ይወጣሉ? ቁልፉ በእጃቸው ይሁን። የሚጎበኛቸውም ሰው ይኑር።

6. ስትመለሱ

በሰላም ተመልሳችሁ ወደ ደጃችሁ ስትደርሱ ለመግባት አትቸኩሉ። በሩ ተሰብሮ ወይም መስኮቱ ተከፍቶ ብታገኙ አትግቡ። ሌባው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ጥሩ፣ ለፖሊስ ደውሉ።

በሩን ስትከፍቱ የጋዝ ሽታ ከሸተታችሁ ክብሪት አትጫሩ። አምፖልም አታብሩ፤ ትንሿ ብልጭታ ትበቃዋለች። በርና መስኮት ክፈቱ። የቡታጋዝ ጋዝ ከአየር ይከብዳልና ወደ መሬት ይወርዳል፤ በበሩ ሥር ተጠርጎ እስኪወጣ ደጅ ቆዩ።

ሽታ ከሌለ ዋናውን ማጥፊያ አብሩ። ዕቃውን አንድ በአንድ ሰኩ። ቤቱ በርዶ ከቆያችሁም ከሰል አቀጣጥላችሁ በርና መስኮት ዘግታችሁ አትተኙ። የከሰል ጭስ የማይታይና የማይሸት መርዝ አለው፤ ተኝቶ የነበረውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ከዚያ ወደ አደራ ተቀባያችሁ ሂዱ። ቆጮም ይሁን ቅቤ፣ ከመጣችሁበት አገር ጥቂት ነገር ያዙላቸው። ለቀጣዩ ዓመት ደግሞ የእነርሱን ቤት የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ።

የትምህርቱ ማጠቃለያ

ውድ አድማጮቻችን፣ ዛሬ የተማርነውን እናሳጥረው። አመድ የለበሰ ፍም አልጠፋም፤ በውኃ አጥፉት። የሄደ መብራት ይመለሳል፤ ማጥፊያውን እናንተ አጥፉ። የተቋረጠ ውኃ ይመጣል፤ ቧንቧውን ዝጉ። ቤታችሁ ሰው እንደሌለው ለሌባ አትንገሩ። አንድ ሰው መርጣችሁ ቁልፍና የተጻፈ ወረቀት ስጡት። “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን የሚከተሉትን አምስት መስመሮች በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ ከበሩ ጀርባ፣ ከውስጥ በኩል ለጥፉ። ከመውጣታችሁ በፊት አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ሄዶ በእጁ እየነካ ይይ።

ፍሙ ጠፍቷል?
ማጥፊያው ጠፍቷል?
ቧንቧው ተዘግቷል?
መስኮቱ ተቀርቅሯል?
አደራው ተሰጥቷል?

የሚነበቡ ቃላት

ፍም — አመድ — ረመጥ
ማጥፊያ — ቆጣሪ — ሶኬት
ቧንቧ — መዝጊያ — ጀሪካን
ጓ-ጉን-ቸር — ጓጉንቸር
አ-ደ-ራ — አደራ

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የተዳፈነ ፍም ለምን አደገኛ ነው?
2. እንጀራ ስትጋግሩ መብራት ቢጠፋ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?
3. በማጥፊያ ላይ ያለው ክብ ምልክት ምን ማለት ነው?
4. ከቧንቧ በደቂቃ 2 ሊትር ውኃ ቢወርድ በአንድ ሰዓት ስንት ሊትር ይሆናል?
5. ቤታችሁን ለማን አደራ ትሰጣላችሁ? ለዚያ ሰው የሚሰጥ ወረቀት በደብተራችሁ ጻፉ።

መልሱን ከቤተሰባችሁና ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩበት። የአራተኛው ጥያቄ መልስ 120 ሊትር ነው። ከዚህ የተለየ ካገኛችሁ ደግማችሁ አስሉት።

ለዛሬ በዚሁ እንሰናበታችኋለን። መንገዳችሁ የቀና፣ ቤታችሁም የተጠበቀ ይሁን። ደህና ሰንብቱ!